ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሰዉስ?

የአዲስ አበባን የቀለበት መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። የእግረኛ መሸጋገሪያው ድልድይ እዚያ ማዶ ይታያል፤ ሰዉ ግን ወደ ድልድዩ አይሄድም። ግራና ቀኝ ይገላመጥና አስፋልቱ ውስጥ ይገባል፤ መሐል ያለውን የኮንክሪት አጥር በአንድ እጁ ተደግፎ ይዘላል፤ መኪና ሲያልፍለት ቀሪውን በሩጫ ይጨርሳል። ይህን የሚያደርገው ጎረምሳ ብቻ አይደለም። ፌስታሏን መጀመሪያ በአጥሩ ላይ አሻግራ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ከዚያ ራሷን የምታሻግር እናትም አለች። ያዘለችውን ልጅ በነጠላዋ አጥብቃ የምትሮጥም አለች።

ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን ስናያቸው የምንሰጠው ፍርድ ያው የተለመደው ነው። «ይሄ ሕዝብ ሥርዓት አያውቅም! ድልድይ ተሠርቶለት መሐል መንገድ ይጋፋል!» ረዳቱ ይስማማል፣ ሾፌሩ ይራገማል፣ ጉዞው ይቀጥላል። በእርግጥ የሚሮጠው ሰው በነፍሱ እየተጫወተ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁንና ብዙ ሰው በአንድ ቦታ በየቀኑ ያንኑ ጥፋት የሚያጠፋ ከሆነ፣ ምክንያቱን ከሰዉ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ከቦታውም መፈለግ ተገቢ ነው።

የመንገዱ ስፋት፣ የአስፋልቱ ውፍረት፣ የድልድዩ ምሰሶ የሚሸከመው ክብደት በሚገባ ተሰልቷል። ድልድዮቹ ይኸው ቆመዋል። መንገዱ ከመዘርጋቱ በፊት ግን ግራና ቀኙ አንድ ሰፈር ነበር። ገበያው በአንዱ በኩል፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሌላው፤ ወፍጮ ቤቱ እዚህ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት እዚያ። ሰዉ በቀን ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ምን ተሸክሞ? ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥታ ለመውረድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባታል? ይህም መጠናት የሚችል ነገር ነው። የሚጠናው ግን ሰፈሩ ውስጥ ተገብቶ፣ ተጠይቆና ተደምጦ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ቀላል ባቡር እንይ። በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ከተማው በደስታ ተቀበለው፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ሁሉ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። ከማዶ ያለች ሱቅ ዳቦ ለመግዛት ማቋረጫ ፍለጋ ረጅም መንገድ የሚዞር ሰው ብዙ ነው። ባቡሩ ከፍ ብሎ በድልድይ ላይ በሚሄድበት ቦታ ደግሞ ጣቢያው ላይ ለመድረስ ደረጃ መውጣት ግድ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ደረጃው ወይም አሳንሰሩ ቆሞ ሲገኝ ደግሞ በክራንች የሚሄድ ሰው ባቡሩን ከታች ሆኖ ያየዋል እንጂ አይሳፈረውም።

በየሕንፃው መግቢያ ያለውን ራምፕ የተመለከተም ተመሳሳይ ነገር ያያል። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆን አዝዟል። ስለዚህ ራምፑ ይሠራል። አንዳንዱ ግን ዳገትነቱ ዊልቸር የሚገፋውን ጤነኛ ሰው እንኳ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። አንዳንዱ ደግሞ ለስለስ ብሎ ይወጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ አንዲት ደረጃ ትጠብቀዋለች። ሕጉ ተከብሯል፣ ሲሚንቶው ፈስሷል፣ ሰዉ ግን አልገባም።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሠሩት ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። እንዲያውም ከየትምህርት ቤቱ ተመርጠው የወጡ ጎበዞች ናቸው። የጎደላቸውን ነገር ማንም አላስተማራቸውም። የዛሬው ትዝብቴም ስለዚያው ነው። መሐንዲስ የሚሆን ልጅ ከሒሳቡና ከፊዚክሱ ጎን ለጎን ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ፣ የሰውን አኗኗር የሚያጠኑ ትምህርቶችን በቁም ነገር ካልተማረ፣ የሙያው ግማሽ ይጎድለዋል ባይ ነኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከ11ኛ ክፍል ነው። ተማሪው እዚያ ሲደርስ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ይለያል። በየቤቱ ያለው ግምትም የታወቀ ነው። ጎበዝ ልጅ ናቹራል ይገባል፤ ያልሆነለት ሶሻል ይገባል። ታሪክ የሚወድ፣ ግጥም የሚሞክር፣ ግን ሒሳብም የሚችል ልጅ ካለ፣ «ታሪኩን በትርፍ ጊዜህ ታነበዋለህ» ተብሎ ወደ ናቹራል ይሸኛል። ትርፍ ጊዜው ግን አይመጣም። በ16 ዓመቱ የታሪክ መጽሐፉን ከድኖ ያስቀመጠ ልጅ፣ ሰፈር አፍርሶ ሰፈር የሚሠራ ባለሙያ እስኪሆን ድረስ ተመልሶ አይከፍተውም።

በመንግሥት ደረጃም ሚዛኑ ወደዚያው አዘንብሎ ቆይቷል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 የወጣው የ70/30 የቅበላ ፖሊሲ ከመቶ 70 የሚሆነውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 የሚሆነውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብዓዊ ዘርፎች መደበ። በሳይንሱ ውስጥም የአንበሳውን ድርሻ የያዘው ምህንድስና ነበር። አገሪቱ መንገድ፣ ግድብና ፋብሪካ ያስፈልጋት ስለነበር ሐሳቡ መሠረት አልነበረውም አይባልም። ክፍፍሉ ግን ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ በር አልተወም። 70ው ከ30ው ምን መማር አለበት? 30ውስ ከ70ው? ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ቀደም ሲል በዩኒቨርሲቲ ይሰጥ የነበረው የአንደኛ ዓመት አጠቃላይ ትምህርትም በ1986 ዓ.ም በወጣው የትምህርት ፖሊሲ ምክንያት ወደ መሰናዶ ወርዶ ስለነበር፣ ተማሪው ግቢ በገባ በማግስቱ በቀጥታ የሙያውን ኮርስ ይጀምር ነበር።

ይህ ጉድለት ታይቶ በ2012 ዓ.ም የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ። ዛሬ ምህንድስና ለመማር የሚመጣ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሥነ ምግባርም ሳይቀር ይወስዳል። ወረቀት ላይ ሲታይ፣ የሌሎች አገሮች ምሁራን ለዓመታት የተከራከሩበትን ነገር እኛ በአንድ ውሳኔ አግኝተነዋል።

ወደ ግቢ ገብቶ ተማሪውን ያነጋገረ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ለፍሬሽማኑ እነዚህ ኮርሶች «ኮመን» ናቸው። የሚማራቸው ዲፓርትመንት ለመምረጥ ነጥብ ስለሚያስፈልገው ነው። ሶፍትዌር ወይም ሲቪል መግባት ከፈለገ አንትሮፖሎጂ ላይ ኤ ማምጣት አለበት፤ ስለዚህ ሞጁሉን ይሸመድዳል። የዝምድና ዓይነቶችን፣ የጋብቻ ዓይነቶችን፣ የባህል ትርጓሜዎችን በቁጥር በቁጥር ይዞ ይገባና ምርጫ ጥያቄ ላይ አክብቦ ይወጣል። ፈተናው ባለቀ በሳምንቱ ሞጁሉ ከስልኩ ይሰረዛል። መምህሩም ቢሆን በትልቅ አዳራሽ ከታጨቀ ተማሪ ጋር ምን ያድርግ? ውይይት ቀርቶ ስም መጥራት አይችልም። ከዚያ ተማሪው ሁለተኛ ዓመት ይገባና፣ እስኪመረቅ ድረስ ሰው የሚባል ነገር የሚነሳበት ክፍል ውስጥ እምብዛም አይቀመጥም። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የመውጫ ፈተናም የሚመዝነው በዋናነት የሙያውን ኮርሶች ነው። ያልተፈተነ ነገር ደግሞ በእኛ አገር አይነበብም።

አንድ ጊዜ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን ሲያቀርቡ ተጋብዤ ተቀምጫለሁ። አንዱ ቡድን የመረጠው ባለ አራት ፎቅ የጤና ተቋም ነበር። ልጆቹ የሚደነቁ ናቸው። ኢታብስ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ የሠሩትን ሞዴል እያሽከረከሩ አሳዩ፤ የምሰሶውን ብረት፣ የመሬት መንቀጥቀጡን ጫና፣ የመሠረቱን ዓይነት በሚገባ አስረዱ። ፈታኞቹ ጠየቁ፣ እነሱም መለሱ። መጨረሻ ላይ ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ አረጋዊ መምህር እጃቸውን አወጡ።

«ማዋለጃው ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው ያላችሁት?»

«ሦስተኛ ፎቅ ነው መምህር።»

«መብራት በጠፋ ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት በየት በኩል ትወጣለች?»

ልጁ ጓደኞቹን አየ። ጓደኞቹ ወለሉን አዩ። «እሱን እንኳ… አርክቴክቸሩ ተሰጥቶን ነው መምህር። የእኛ ስትራክቸሩ ነው።»

ሽማግሌው ሌላ ነገር አልተናገሩም። የቡድኑ ውጤትም ከፍተኛ ነበር፤ ምክንያቱም በግምገማ ቅጹ ላይ ስለ ምጥ የሚጠይቅ ቦታ የለም። ልጁ የሰጠው መልስ ሐሰት አልነበረበትም፤ የተማረውን ነው የመለሰው። አምስት ዓመት ሙሉ «ይህ የእኔ ክፍል አይደለም» ማለትን አስተምረነዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ዓለምም ቀድሞ ተፈትኖበታል። አሜሪካ ውስጥ «ሦስት ሲደመር ሁለት» የሚሉት አካሄድ አለ። ተማሪው ሦስት ዓመት በአነስተኛ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ፍልስፍናውን፣ ታሪኩንና ሥነ ጽሑፉን ከሒሳብና ከፊዚክስ ጋር ይማራል፤ ከዚያ እንደ ኮሎምቢያ ባለ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ምህንድስና ያጠናና ሁለት ዲግሪ ይዞ ይወጣል። አካሄዱ እንከን የለሽ አይደለም። የአምስተኛው ዓመት ወጪ ቀላል አይደለም፤ ጓደኞቹ ሲመረቁ እሱ አዲስ ግቢ ይገባል። ሌሎች ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር አድርገዋል። ኤምአይቲን የሚያህል የቴክኖሎጂ ተቋም ማንኛውም ተማሪው፣ ሮቦት የሚሠራውም ቢሆን፣ ከሰብዓዊ፣ ከኪነ ጥበብና ከማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች 8 ኮርስ ሳይወስድ አያስመርቅም። ስሚዝ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ እ.ኤ.አ በ1999 የራሱን የምህንድስና ፕሮግራም ሲያቋቁም ከአሜሪካ የሴቶች ኮሌጆች የመጀመሪያው ነበር፤ ፕሮግራሙን የተከለውም በሊበራል አርትስ ትምህርቱ መሐል ነው። የአገሪቱ የምህንድስና ፕሮግራሞች ዕውቅና ሰጪ አካል የሆነው አቤትም (ABET) ተመራቂው የሙያ ሥነ ምግባርን እንዲያውቅ፣ ከልዩ ልዩ ሰዎች ጋር በሚገባ እንዲግባባና ሥራው በኅብረተሰብ ላይ የሚያመጣውን ውጤት እንዲመዝን በመስፈርቱ ውስጥ ያስገድዳል።

«የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ካለ ወደ ጋና ይምጣ። ፓትሪክ አዉዋ የሚባል ጋናዊ አሜሪካ ውስጥ በስዋርዝሞር ኮሌጅ ምህንድስናና ኢኮኖሚክስ አጣምሮ ተማረ፤ ማይክሮሶፍት ውስጥ ለዓመታት ሠራ፤ ከዚያ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ በ2002 አሸሲ የተባለውን ተቋም አክራ ውስጥ በ30 ተማሪዎች ጀመረ። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠናውም ሆነ ቢዝነስ የሚያጠናው ተማሪ መጻፍንና መናገርን፣ የአፍሪካ ጥናትን፣ ስለ መሪነትና ስለ ሥነ ምግባር የሚያወያዩ ሴሚናሮችን አብሮ እንዲማር ተደረገ። ምህንድስናን የጨመሩት እ.ኤ.አ በ2015 ነው፤ ያኔም የሰብዓዊውን ትምህርት አልቀነሱም። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። እነሱ መጀመሪያ የሚያስብ ሰው ማፍሪያውን ዘረጉ፣ ከዚያ መሐንዲሱን እዚያ ውስጥ አስገቡ።

እኛም ብንሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። እ.ኤ.አ ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ የማገልገል ግዴታ ነበረበት። አብዛኛው በአስተማሪነት ይመደብ ነበር። የከተማ ልጅ ገበሬ ቤት ተቀመጠ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ አየ፣ መሬት የማን እንደሆነ ሰማ። አገልግሎቱ ቅሬታም ፖለቲካም አላጣውም፤ በ1967 ዓ.ም የታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ በሌላ መንፈስ የሄደ ሌላ ታሪክ ነው። ቢሆንም የዚያ ትውልድ ባለሙያ «አገሬን ያወቅኋት ያኔ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ዛሬ የምህንድስና ተማሪ አንድ ሴሚስተር ለኢንተርንሺፕ ይወጣል። የሚወጣው ግን ወደ ሳይት ነው። ከሲሚንቶና ከብረት ጋር ይውላል፣ ከፎርማኑ ጋር ይመገባል፣ ሪፖርቱን ይጽፋል። በሥራው የሚገለገሉትን ሰዎች አግኝቶ የማነጋገር ግዴታ የለበትም።

ይህ ግዴታ ቢኖር ምን እንደሚጠቅም ለማየት ወደ ቦረና እንውረድ። ቦረናዎች «ቱላ» የሚሏቸው ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሏቸው። ወጣቶች አንዱ ከአንዱ በላይ ተሰልፈው ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ እየተቀባበሉ ውኃውን ወደ ላይ ያወጡታል። ለውጭ ተመልካች የሚታየው ዘፈኑና ጉልበቱ ነው። ከጉድጓዱ በስተጀርባ ግን ሙሉ ሕግ አለ። ጉድጓዱ የየትኛው ጎሳ እንደሆነ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ፣ የማን ከብት በስንተኛው ቀን እንደሚመለስ ይታወቃል፤ ተራውን የሚያስከብረውም «አባ ሄሬጋ» የሚባለው ሰው ነው። ከዚህም በላይ የግጦሽ ሥርዓቱ ከውኃው ጋር የተሳሰረ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከብቱ ውኃ ወዳቆረበት ሜዳ ይሄዳል፣ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው ሣር ያርፋል። በጋ ሲገባ ወደ ጉድጓዶቹ ይመለሳል፣ ያኛው ሜዳ ያርፋል።

አሁን አንድ ቅን መሐንዲስ ይምጣ። ካርታውን ሲያይ ውኃ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ያገኛል። ከዚህ በላይ ምን የሚያሳዝን ነገር አለ? በማሽን ኩሬ ያስቆፍራል፣ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ያስወጣል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ውኃው ይወጣል፤ ሪባን ይቆረጣል። ከዚያ ግን በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጥ የነበረው ሜዳ ዓመቱን ሙሉ መጋጥ ይጀምራል፤ ሰዉም እዚያው ይሰፍራል፤ ሣሩም ይራቆታል። አዲሱ ውኃ ባለ ተራ ስለሌለው ጠብም ይከተላል። በቦረና ቆላ እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ደርሷል፤ የግጦሽ መሬት ተመራማሪዎችም ጽፈውበታል። «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ለበሬው ሳይሆን ለባለሙያው ይሠራል። ያንን መሐንዲስ አንድ የአንትሮፖሎጂ ኮርስ በተገቢው ጊዜ፣ በተገቢው ቦታ ቢያገኘው ኖሮ፣ ከመቆፈሩ በፊት አባ ሄሬጋውን ይፈልግ ነበር።

ሰዉ እንዴት እንደሚኖር አስቀድሞ ተጠይቆ የተሠራ ነገርም አለን። በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ የተጀመረው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲነደፍ፣ በየሳይቱ «ኮሚናል» የሚባል የጋራ ሕንፃ አብሮ ተነድፏል። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ድግስ የሚደገስበት ቦታ መሆኑ ነው። በዓል ሲደርስ አራተኛ ፎቅ ላይ በግ እንደማይታረድ ያሰበ ሰው እንደነበረ ያስታውቃል። ይህ ሰው ምሥጋና ይገባዋል። በኋላ ግን በብዙ ሳይቶች ኮሚናሉ ለሱቅ ወይም ለመጋዘን ተከራየ፤ ነዋሪው በጉን ደረጃው ሥር ማረድ ጀመረ፤ የለቅሶ ድንኳንም መኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ። ሕንፃ ብቻውን አይበቃም። የሚያስተዳድረው ሰው፣ ደንብና ማኅበር ያስፈልገዋል፤ ይህም የምህንድስናው ሌላ ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሱ ሁለት መቃወሚያዎች አሉ፤ ሁለቱም ተንቀው የሚተዉ አይደሉም። አንደኛው የመምህራኑ ነው። «ላብራቶሪያችን ውስጥ የሚሠራ ማሽን የለም፣ ተማሪው ሳይነካ ይመረቃል፤ አንተ ደግሞ ታሪክ አስተምሩ ትለናለህ!» ይላሉ። እውነት ነው። ማሽኑ ይምጣ። የእኔ ጥያቄ ተጨማሪ ክሬዲት አይደለም፤ ያንን የፍሬሽማን ክሬዲት ቀድሞውንም ከፍለንበታል። የከፈልንበትን እንጠቀምበት ነው የምለው።

ሁለተኛው የባለሙያዎቹ ነው። «የሚወስነው መሐንዲሱ አይደለም። ገንዘቡን የሰጠ፣ ኮንትራቱን የያዘ፣ ቀኑን የቆረጠ አለ። እኛ የታዘዝነውን ነው የምንሠራው» ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ክርክሩን የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አልሆነልኝም። «ይህ ቦታ ለእግረኛ አይሆንም» ብሎ ለአለቃው መጻፍ የሚችለው ማን ነው? ሐሳቡን በማስረጃ አደራጅቶ፣ በጥሩ አማርኛና በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ሳይሳደብና ሳይፈራ መጻፍ የሚችል ባለሙያ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የጥናት ሰነድ ለእናቶች በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት፣ የሚሉትንም መልሶ ወደ ንድፉ ማስገባት የሚችል ነው። ሎጂክ፣ ንግግርና ጽሑፍ የሚባሉት ትምህርቶች ለዚህ ነበር የታሰቡት። መሟገት ያልተማረ ባለሙያ ትእዛዝ ተቀባይ ሆኖ ይቀራል፤ ጥፋቱ ሲመጣ ግን ፊርማው የእሱ ነው።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል፣ በሌላው ወገን ያለነውም አንድን ነገር እንመን። የታሪክ፣ የሕግና የቋንቋ ምሩቃን ስለ ልማት ብዙ እንናገራለን፤ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ውስጥ ምን እንደሚገባ ግን አናውቅም። የግድብ ክርክር ውስጥ ገብተን በሜጋዋትና በሜጋዋት ሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት የማንለይ ብዙዎች ነን። በሩ ከሁለቱም በኩል መከፈት አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? በፍሬሽማን ዓመት የታጨቁት ኮርሶች ይበተኑ፤ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ይሰራጩና ከሙያው ጋር ይጋቡ። የውኃ ምህንድስና ተማሪ አንትሮፖሎጂን በሦስተኛ ዓመቱ ይማረው፤ ያኔ ስለ ቱላ ሲነገረው ምን እንደሚሰማ ያውቃል። የሲቪል ተማሪ የከተሞችን ታሪክና የመሬት ሥሪትን ይማር። የኤሌክትሪክ ተማሪ በገጠር ቤት ውስጥ ማገዶ የሚለቅመው ማን እንደሆነ፣ መብራት ሲገባ የማን የሥራ ሰዓት እንደሚለወጥ ይጠይቅ። ክፍሉን መሐንዲሱና የማኅበራዊ ሳይንስ መምህሩ አብረው ይግቡበት፤ ሁለቱም በአንድ ግቢ ደመወዝ የሚበሉ ናቸው። ኢንተርንሺፕ የወጣ ተማሪ ከሳይቱ በተጨማሪ በሥራው የሚነኩትን ሰዎች አነጋግሮ በአካባቢው ቋንቋ አጭር ዘገባ ይጻፍ፤ ለነዋሪዎቹም ያንብብላቸው።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ መሐንዲስ ይሁን፤ ግን ልብ ወለድ ሲያነብ ስታገኙት «ትምህርትህን አንብብ» አትበሉት። ያም ትምህርቱ ነው። ዘንድሮ ፍሬሽማን የገባችሁ ልጆች ደግሞ ሞጁሉን ለኤ ብላችሁ ብትሸመድዱትም፣ ከፈተናው በኋላ አትሰርዙት፤ አራተኛ ዓመት ላይ ትፈልጉታላችሁ።

የመጨረሻ ቃሌ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለሚያጸድቁ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ነው። የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ጊዜ ይወስዳል፤ እናንተ ግን በያዝነው ሴሚስተር የምታደርጉት ነገር አለ። በግምገማ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ «ተማሪው በሥራው የሚገለገሉትን ሰዎች አግኝቶ አነጋግሯል ወይ?» የሚል። ነጥብም ይያዝበት። በጀት አይጠይቅም፣ አዋጅም አያስፈልገውም።